ስለ ጆሮ መስማትና ስለ አካል ሚዛን

በጎጃም ምድር ከጥንት ጀምሮ ትምህርት የሚገባው በጆሮ ነው። በዋሸራ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየሰማ ይይዛል እንጂ ከመጽሐፍ አይቀዳም። ፊደልም ቢሆን አስቀድሞ የሚለመደው በመስማት ነው። ስለዚህ ጆሮው የደከመ ልጅ ከትምህርት ቤት ሳይወጣ ከትምህርት ይወጣል፤ አስተማሪውም ሕመሙን ባለማወቅ ሰነፍ ነው ብሎ ይቀጣዋል።

በእኛ አስተያየት ከቅጣት በፊት አንድ ቀላል ፈተና ሊቀድም ይገባል። አስተማሪው ከልጁ በስተኋላ፣ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ይቁም፤ አንዱን ጆሮ በጣቱ ደፍኖ ለሌላው ጆሮ ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች በሹክሹክታ ይናገር። ስለምን በስተኋላ ቢሉ፣ ልጁ ከንፈር አይቶ እንዳይመልስ ነው፤ ብዙዎች በዚህ ብልሃት ሳይታወቁ ዓመታት ይኖራሉና። ልጁ ከግማሽ የበዛውን ቢስት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በልጆች ዘንድ ከሚበዙት ምክንያቶች አንዱ የጆሮ መግል ነው። ጉንፋን ከጉሮሮ በቀጭን ቧንቧ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይሻገርና መግል ይቋጥራል፤ ታምቡሩንም ይበሳል። ወላጅ ግን ሲያድግ ይተወዋል ብሎ ይጠብቃል፤ ወይም ዘይትና የቅጠል ጭማቂ ያፈስበታል። ሁለቱም ይጎዳሉ። መግሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ መስማትን ያደክማል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ አንጎል ተሻግሮ ይገድላል። ልጁ ሲታጠብም ሆነ ጠበል ሲጠመቅ ውሃ እንዳይገባበት ቅባት የነካው ጥጥ በጆሮው አፍ ይደረግለት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት ከመቶ 60 ያህሉን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነው ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። መስማትን የሚለካው ባለሙያ ኦዲዮሎጂስት ይባላል፤ በአገራችን ቁጥሩ ገና ጥቂት ነው። በሽተኛውን ጸጥ ባለ ክፍል አስቀምጦ፣ በጆሮ ማዳመጫ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ያሰማዋል፤ በሰማ ጊዜም እጁን እንዲያነሣ ያዝዘዋል። ከዚህም ጉዳቱ የታምቡሩና የጥቃቅን አጥንቶች፣ ወይም የውስጠኛው ጆሮ መሆኑን ይለያል። የፊተኛው ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ጥገና ይሻላል፤ ለኋለኛው የመስሚያ መሣሪያ ይደረግለታል።

ሽማግሌዎችን ይልቁንም የሚመለከተው ሚዛን ነው። በውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀለበት የጎበጡ፣ ውሃ የሞላባቸው ሦስት ቧንቧዎች አሉ፤ የራሳችንን መዞር ለአንጎል የሚነግሩ እነርሱ ናቸው። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የበሽተኞችን ጆሮ ሲያጥብ ቀዝቃዛም ሆነ ሙቅ ውሃ እንደሚያዞራቸው አስተዋለ፤ ምክንያቱንም ስለ መረመረ የ1914 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በመኝታ ሲገላበጡ ወይም ወደ ላይ ሲመለከቱ ቤቱ የሚዞርባቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ ሰውም የጋኔን ሥራ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ደቃቅ ጠጠሮች ስፍራቸውን ለቀው ወደ ቧንቧው በመግባታቸው ነው። ባለሙያው በሽተኛውን አስተኝቶ ራሱን በሥርዓት እያዞረ ይመልሳቸዋል፤ ይኸውም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ መድኃኒትም አይሻም። ነገር ግን ከማዞሩ ጋር አንደበት ቢተሳሰር ወይም እጅና እግር ቢዝል፣ የአንጎል ሕመም ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።