በሰውነታችን ውስጥ ያለው ምድጃ፦ ቡናማ ስብና የውፍረት ጉዳይ
(በሬድዮ ፕሮግራም ከቀረበ የጤና ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

 



ስብ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን በኡድሒያ ቀን ከበጉ ሆድ የሚወጣው ነጭ ሞራ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ግን በሰው ልጅ ሰውነት ውስጥ ሌላም ዓይነት ስብ አስቀምጧል። ይህኛው ነዶ ሰውነትን የሚያሞቅ ነው። ቀለሙ ወደ ቡና ስለሚያደላ ቡናማ ስብ ይባላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለዚህ ስብ ብዙ ይወራል። «ብርድ ያከሳል»፣ «በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ቦርጭ ያጠፋል» የሚሉ አሉ፤ «ስብ የሚያቀልጥ» እየተባለ የሚሸጥ እንክብልም አለ። በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ብርድ እንግዳ ነገር አይደለምና እውነቱን ከወሬው መለየት ይጠቅመናል።

ጎተራና ምድጃ

ነጭ ስብ ጎተራ ነው፤ ከበላነው የተረፈው ለክፉ ቀን ይቀመጥበታል። ቡናማ ስብ ግን ምድጃ ነው። በውስጡ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የኃይል ማመንጫዎች በብዛት ታጭቀውበታል፤ ቡናማ ያደረገውም በእነሱ ውስጥ ያለው ብረት ነው።

አሠራሩን በውሃ ወፍጮ እንመስለው። ውሃው በቦዩ ወርዶ መዘውሩን ሲመታ ወፍጮው ይዞራል፣ እህሉም ይፈጫል። በሌሎች የሰውነታችን ክፍሎች ከምግብ የሚገኘው ኃይል እንዲሁ ሥራ ይሠራበታል። በቡናማ ስብ ውስጥ ግን ዩሲፒ-1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ውሃው መዘውሩን ሳይነካ በጎን እንዲያልፍ እንደሚከፈት መውጫ ነው። ወፍጮው አይፈጭም፤ ኃይሉ ግን ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰውነት ሳይንቀጠቀጥ ከሚሞቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ምድጃውን የሚለኩሰው ምንድን ነው?

ይህ ምድጃ ዝም ብሎ ሲነድ አይውልም። ቆዳችን ብርድ ሲሰማው ወሬው ወደ አንጎል ይሄዳል። በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል በነርቮች በኩል ትእዛዝ ይልካል። ነርቮቹም ኖርአድሬናሊን የተባለውን ቅመም በቡናማው ስብ ላይ ይለቃሉ። ያን ጊዜ በውስጡ የተቀመጠው ስብ ይፈታል፣ መውጫው ይከፈታል፣ ምድጃውም ይነዳል። ሰውየው ሲሞቀው ትእዛዙ ይቆማል፤ እሳቱም ይዳፈናል።

ከአንገታችን ሥር ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞንም ያስፈልገዋል። ይህ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። እንቅርት በሚታወቅበት ደጋ አዮዲን ያለውን ጨው መጠቀም የሚመከረውም የዚህ ዕጢ ሥራ እንዳይጓደል ነው።

ምድጃው እንደ አያያዙ ይጎለብታል ወይም ይደክማል። ብርድ ሲደጋገምበት ይጠነክራል፤ ሁልጊዜ በሞቀ ቤት ለሚኖር ሰው ይቀንሳል። ዕድሜ ሲገፋና ውፍረት ሲጨምርም ይዳከማል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለጨቅላው ነው

አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። ስለዚህ አላህ (ሱ.ወ) በትከሻው አጥንቶች መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቱ ዙሪያ ቡናማ ስብ አዘጋጅቶለታል። ይህ ስንቅ በብዛት የሚከማቸው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሕፃን ስንቁ ትንሽ በመሆኑ ብርድ ቶሎ ይጎዳዋል። ምድጃው ሲነድም የሕፃኑን ስኳርና ኦክስጅን ስለሚጨርስ፣ የበረደው ሕፃን ለማደግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ለመሞቅ ያውለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ከዚህ ጋር ይስማማል፦ ሕፃኑ እንደተወለደ ይደረቅ፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይሁን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይጥባ፣ ገላውን ማጠብም ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። አዛን ማሰማት ሕፃኑን ከእናቱ እቅፍ ማውጣት አያስፈልገውም። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ሲደረግና ፀጉሩ ሲላጭም በደባርቅ ብርድ ውጭ ባይሆን፣ በሞቀ ክፍል ተላጭቶ ወዲያው ኮፍያ ቢደረግለት መልካም ነው። ጨቅላ ብዙ ሙቀት የሚያጣው በራሱ በኩል ነውና።

በአዋቂ ሰውም ይገኛል

ለረጅም ጊዜ ቡናማ ስብ ከሕፃንነት ጋር አብሮ የሚጠፋ ይመስል ነበር። ይሁንና ካንሰርን ለመፈለግ ስኳር የሚከተል ምርመራ የሚያደርጉ ሐኪሞች በአንዳንድ ሰዎች አንገትና ከአንገት አጥንት በላይ ስኳር የሚበላ ሥጋ ያዩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ፣ በፊንላንድና በኔዘርላንድ የሚሠሩ ሦስት ቡድኖች ነገሩ ቡናማ ስብ መሆኑን በአንድ መጽሔት አወጡ። በቀጫጮች፣ በወጣቶችና በሴቶች ይበልጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት ከ52,000 በላይ የኒውዮርክ ታካሚዎች ተመርምረው፣ ቡናማ ስብ ከታየባቸው 4.6 በመቶው፣ ካልታየባቸው ደግሞ 9.5 በመቶው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ይህ ግን አብሮ መገኘትን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ብቻውን አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሰዎችን በቀን ለሁለት ሰዓት በ17 ዲግሪ ብርድ ለስድስት ሳምንት አስቀምጠው ቡናማው ስብ ሲጎለብት፣ የሰውነት ስብም በመጠኑ ሲቀንስ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድ ስምንት የስኳር ሕመምተኞች በ14 እና በ15 ዲግሪ መካከል ለአሥር ቀን ሲለማመዱ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በ43 በመቶ ተሻሽሏል። ሆኖም ዋናውን ሥራ የሠራው ጡንቻቸው ሆኖ ተገኝቷል።

የደጋው ሰው ቀጭን የሆነው በብርድ ነውን?

የሰሜን ተራራ ነዋሪዎች ከዚህ በፊትም ተጠንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ ጥናት 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የደባርቅን ሕዝብ ከቆላው ከአዲ አርቃይ ጋር አነጻጽሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በ3,530 ሜትር በአምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ከቆላ ሰው የማያንስ መሆኑ ታውቋል። እንዲህ ያለው ጥናት የተራራው አየር ለሳሳበት ሰው አካል የተሰጠውን ብቃት ያሳያል። ስለ ቡናማ ስብ የተነገረ አድርገን ልንወስደው ግን አይገባም።

የደጋው ገበሬ ብርዱን የሚቋቋመው በጋቢና በምድጃ ዳር ነው። ቀጭን የሚያደርገው ዳገትና ቁልቁለቱ፣ እርሻውና የገበታው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል የስኳር በሽታ በጎንደር ከተማ 5.1 በመቶ፣ በዳባት ገጠር 2.1 በመቶ ነበር። ከታመሙት አብዛኞቹም ከምርመራው በፊት አያውቁትም ነበር። ዳባት ከጎንደር እንደሚበርድ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የከተማው ሰው በባጃጅ ሄዶ፣ ተቀምጦ ውሎ፣ ጣፋጭ ሻይ ደጋግሞ እንደሚጠጣ መዘንጋት የለብንም።

እሳቱን በእንክብል መለኮስ

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ዲናይትሮፌኖል የሚባል ቅመም ለማክሳት ይሸጥ ነበር። ይህ ቅመም የወፍጮውን የጎን መውጫ በመላ ሰውነት የሚከፍት ነው። ሰዎች ከስተዋል፤ ነገር ግን ሰውነታቸው ከልክ በላይ ግሎ የሞቱ፣ ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ ብዙ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1938 ታገደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ለሽንት ፊኛ ሕመም የሚሰጥ ሚራቤግሮን የተባለ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ቡናማ ስብን ሲያነሣሣ ታይቷል። ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ጨምሯል። እስካሁን በዚህ መንገድ ውፍረትን እንዲያክም የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ «ማክሻ» ገዝቶ መዋጥ አላህ በአማና የሰጠንን አካል ለጥፋት ማቅረብ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በአዋቂ ሰው ምድጃው ትንሽ ነው። በቀን የሚያቃጥለው በአብዛኞቹ ልኬቶች ከጥቂት አስር ካሎሪ አይበልጥም። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ግን 30 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም ከ100 ካሎሪ በላይ ይይዛል። ብርድ የምግብ ፍላጎትንም ስለሚጨምር የተቃጠለው በአንድ ሳምቡሳ ይመለሳል። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት የመክፈል የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት በቀላሉ የማይተካው ለዚህ ነው። በረመዳን ቀኑን ጾመን ማታ በኢስራፍ ብንበላ ጎተራውን እንጂ ምድጃውን አልረዳንም።

ለፈጅር በቀዝቃዛ ውሃ ዉዱእ የሚያደርግ ወንድም ኒያው ለአላህ ይሁን፤ ዉዱእ ዒባዳ እንጂ የማክሻ ዘዴ አይደለም። አረጋውያንና የደም ግፊት ያለባቸው ብርድ ግፊታቸውን ስለሚጨምር ውሃውን ለብ ቢያደርጉት ችግር የለውም። ወደ መስጂድ በእግር እንሂድ፤ ሻያችን ላይ ስኳር እንቀንስ፤ ዕድሜያችን ከ35 ዓመት ካለፈ ስኳራችንን እንለካ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሱና ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ይህን ምድጃ ከማንም በላይ የሚፈልገው ጨቅላው ነውና ቤታችን ውስጥ አራስ ካለች ሙቀቱ ለእሷና ለልጇ ይቅደም።

አላህ (ሱ.ወ) በሰጠን ጤና አመስጋኞች ያድርገን። አሚን።