አርማታ ልታስቆርጡ ነው? አቧራው የሚቀነሰው ማሽኑ ሳይነሳ ነው

ዛሬ ስለ አርማታ መቁረጥ ነው የማወራችሁ። «ሐኪም ምን አገባው?» እንዳትሉኝ፣ በጣም ያገባዋል።

ዋጃ ላይ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቤት አላችሁ እንበል። ግድግዳ ከፍታችሁ ሱቅ ልታወጡ አሰባችሁ። አንድ ልጅ ግራይንደር ይዞ መጣ፣ አፉን በሻሽ አስሮ በደረቁ መቁረጥ ጀመረ። በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱ ነጭ በነጭ ይሆናል።

አሸዋና ጠጠር ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ሲቆረጥ የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው ብናኝ ሻሹን አልፎ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባና ጠባሳ ይፈጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፤ አቧራው እጅግ ከበዛ ግን በወራት ውስጥም ሊመጣ ይችላል። ለቲቢ ያጋልጣል፤ የሳንባ ካንሰርም ያመጣል።

«ወተት ጠጣበት» የሚባለውስ? ወተት የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፣ ሳንባ አይገባም።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እነዚህን ወስኑ፦

1. የቱ ጋ፣ ስንት ሜትር፣ ምን ያህል ውፍረት? በኖራ ወይም በጠመኔ አስምሩ። ትንሽ መቁረጥ ማለት ትንሽ አቧራ ማለት ነው።
2. ኮለን ወይም ቢም ከሆነ መሐንዲስ ሳያይ አይነካ። የመብራትና የውሃ መስመሩንም አስቀድማችሁ እወቁ፣ መብራቱን አስጠፉ።
3. ውሃ አዘጋጁ። ለውሃ የተሠራ መቁረጫ ተከራዩ፤ ተራ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ በኤሌክትሪክ ይገድላል።
4. ለሠራተኛው ኤን95 ማስክ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግዙ። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ይህ የአሠሪው ግዴታ ነው። ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ ማስክ ያስወልቃል፤ በጠዋት ጀምሩ።
5. ልጆችን፣ ነፍሰ ጡርንና አስም ያለበትን አርቁ። ፍርስራሹ የት እንደሚጣል ወስኑ፤ አርጥባችሁ እንጂ በደረቁ አትጥረጉ።

ይህን ሥራ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ሳል ከ2 ሳምንት ካለፈ ወይም ዳገት ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «አርማታ እቆርጣለሁ» ብላችሁ ንገሩ፤ ራጅ ላይ ሲሊኮሲስና ቲቢ ይመሳሰላሉ።

ቤት እያሠራ ላለ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።