ነጭ ዓሣና ናይል ፐርች፤ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?

የእንጅባራና የዳንግላ ደጋ ውሃን የሚያካፍል አገር ነው፡፡ በአንደኛው ወገን የሚወርደው ጅረት በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል፤ በሌላው ወገን የሚወርደው በጃዊ ቆላ አልፎ ከበለስ ጋራ ወደ ታችኛው ዓባይ ይሄዳል፡፡ በላይኛውና በታችኛው ውሃ መካከልም 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ግንብ ቆሟል፡፡ ከፏፏቴው በላይ፣ በጣና፣ ነጭ ዓሣ ይኖራል፤ ከፏፏቴው በታች፣ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው ዓባይ፣ ናይል ፐርች ይገኛል፡፡ ሁለቱም በመንጠቆ አጥማጆች ዘንድ የተወደዱ ትላልቅ ዓሦች ናቸውና ዛሬ ጐን ለጐን ልናመዛዝናቸው ወደድን፡፡

በአካል ከሆነ ክርክር የለም፡፡ ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ሊረዝም፣ እስከ 200 ኪሎግራም ሊመዝን ይችላል፡፡ በጫሞ ሐይቅም ሆነ በኡጋንዳ ውሃዎች የስፖርት አጥማጆች የሚፈልጉት እርሱን ነው፡፡ ከጣና ነጭ ዓሦች ትልቁ ግን ከ80 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም፡፡

ይሁን እንጂ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም፡፡ ጀርመናዊው ሊቅ ሩፔል በ1830ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስለ ጣና ዓሦች መጻፍ ጀምሮ፣ በኋላ የመጡት ሊቃውንት 15 የሚሆኑ ዓይነቶችን ለይተዋል፡፡ ከእነዚህም ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ በመንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ወገን ይህ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው፡፡ እንዲህ ያለው የነጭ ዓሣ ቤተሰብ በሌላ ሐይቅ አይገኝም፡፡

ዋናው ልዩነት ግን በመራባት ላይ ነው፡፡ ናይል ፐርች በሰፊው ውሃ ውስጥ እንቁላሉን በሚሊዮን ይጥላል፡፡ ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከዓይነቶቹም ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ እንደ ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ንጹሕ ጠጠር ባለበት ሥፍራ ካልሆነ አይራቡም፡፡ አጥማጁም ይህን ያውቃልና በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ ሌላውም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ ይበትናል፡፡ በ1990ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የጣና ነጭ ዓሣ ብዛት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል መቀነሱ በጥናት ታውቋል፡፡

ታዲያ አንዳንዱ ሰው «ፈጥኖ የሚራባውንና ገንዘብ የሚያስገኘውን ናይል ፐርች ወደ ጣና ለምን አናመጣውም?» ይል ይሆናል፡፡ መልሱ በቪክቶሪያ ሐይቅ ይገኛል፡፡ ናይል ፐርች በ1950ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) እዚያ ተለቀቀ፤ ከ30 ዓመት በኋላ የውጭ አገር ንግዱ ደራ፤ ነገር ግን ሁለት መቶ የሚያህሉ የሐይቁ ትናንሽ ዓሦች ዘራቸው እንደ ጠፋ ሊቃውንት ገምተዋል፡፡ ንግድ ቢቀዘቅዝ ሊያንሰራራ ይችላል፤ የጠፋ ዘር ግን አይመለስም፡፡

በእኛ አስተያየት ናይል ፐርች በሥፍራው የተከበረ ዓሣ ነው፤ በዚያው ይጠመድ፡፡ ነጭ ዓሣን ግን ፏፏቴው ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም፤ የሚያጠፋው ከታች የሚመጣ ጠላት ሳይሆን በላይ ያለው የእኛው እጅ ነውና፡፡ በዳንግላም ሆነ በሌላ ወረዳ የተመደበ ወጣት ሹም ዓሣው በሚራባበት ወራት ወንዙ ከመረብና ከብርብራ እንዲያርፍ ቢያደርግ፣ ተማሪውም ለአባቱና ለጐረቤቱ ምክንያቱን ቢያስረዳ፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ሥራው ግን ዛሬ ነገ ሊባል አይገባውም፤ ክረምት በየዓመቱ ይመጣል፤ ነጭ ዓሣው ግን በየዓመቱ ይመለሳል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም፡፡