የቴሌፎን ሂሳብና የበጎ አድራጎት ሥራ

ካርቲየ 3 በቁጥር ከሚጠሩት የጅቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። በዚህ ሰፈር አማርኛ ሲነገር መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ከወሎ ወይም ከሐረርጌ ተነሥቶ ባሕር ለመሻገር ያሰበ ወጣት፣ ከእህልና ከመጠለያ ቀጥሎ የሚመኘው «ደኅና ነኝ» ብሎ ለእናቱ ድምፁን ማሰማት ነው። ከቤቱ ርቆ በምድብ ቦታው የሰነበተ ወታደር የዚህን ምኞት ክብደት ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

ዳሩ ግን ድንበሩ ቅርብ ቢሆንም፣ ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚደወለው የውጭ አገር ጥሪ ነው፤ ሂሳቡም እንደዚያው። እንግዲህ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የቴሌፎን ዋጋ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

ቅናሹን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ለአንዱ የተቀነሰው ሂሳብ በሌላው ደንበኛ ላይ ሊጫን ይችላል። በበሩ ላይ የበጎ አድራጎት ሰሌዳ የሰቀለ ሁሉ ርካሽ ስልክ የሚያገኝ ከሆነም፣ ነጋዴው ሰሌዳ ማጻፉ አይቀርም። ስለሆነም በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ላለው ስልክ አንሟገትም።

የችግረኛው ጥሪ ግን ሌላ ነው። የጅቡቲ ቀይ ጨረቃ ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመተባበር ስደተኞችን ከቤተሰባቸው ጋር በስልክ ሲያገናኝ ቆይቷል። በዚህ ሥራ ስልኩ የቢሮ ወጪ ሳይሆን እርዳታው ራሱ ነው። የደቂቃው ዋጋ በግማሽ ቢቀነስ፣ በአንዲት እናት ፈንታ ሁለት እናቶች የልጆቻቸውን ድምፅ ይሰማሉ።

መንገዱም ያልተሞከረ አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2007 እ.ኤ.አ. በ116 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ለማኅበራዊ አገልግሎት ሲለይ፣ የጠፉ ሕፃናት ጉዳይ የሚነገርበት 116000 ደዋዩን ገንዘብ እንዳያስከፍል ወስኗል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ ሕዝቡ በ8335 ያለ ክፍያ ይደውል ነበር። በሁለቱም ዘንድ ነጻ የተደረገው ቁጥሩ ነው እንጂ የድርጅቱ ስም አይደለም። እኛም የምንደግፈው ይህንኑ ነው።

የድንበር ተሻጋሪ ጥሪ ሂሳብ ጥሪውን የሚያስነሣውና የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የሚካፈሉት በመሆኑ፣ ቅናሹ የጅቡቲ ቴሌኮምንና የኢትዮ ቴሌኮምን ስምምነት ይጠይቃል። አህጉራትን የሚያገናኙ በርካታ የባሕር ውስጥ ገመዶች በጅቡቲ ዳርቻ ያርፋሉ። ከካርቲየ 3 ወደ ደሴ የሚደወል የአምስት ደቂቃ ሰላምታ በዚያ ሁሉ ላይ ሸክም ይሆናል ብለን አናምንም።