የሊኑክስ ከርነል ሲመረጥ ከቁጥሩ በፊት የድጋፍ ዘመኑ ይታይ

ለሰርቨር ከርነል ስትመርጡ ትልቁን ቁጥር አትከተሉ። ድሮ ቁጥሩ ራሱ ይናገር ነበር፤ 2.4 የተረጋጋ፣ 2.5 የሙከራ። ዛሬ ከ5.19 ወደ 6.0 መሻገር ከተራ ሽግግር አይለይም። ልዩነቱ ድጋፉ ላይ ነው፦ አዲስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፣ የቀደመው እትም ጥገና ብዙም ሳይቆይ ይቋረጣል፤ እንደ 6.12 ያሉት የረጅም ጊዜ እትሞች ግን ለዓመታት ይጠገናሉ። የድጋፉ ማብቂያ ቀን ከቁጥሩ ጎን በጉልህ ቢጻፍ ግማሹ ግራ መጋባት ይቀር ነበር።

«የደህንነት ጥገናዎቹን ብቻ መርጬ ልውሰድ» የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ ጠንቃቃ ይመስላል። ነገር ግን ከ2024 ጀምሮ የከርነሉ ቡድን ራሱ ለደህንነት ጉድለቶች የሲቪኢ (CVE) መለያ ይሰጣል፣ ዝርዝሩም እጅግ ረዝሟል፤ አንዱ ጥገና በሌላው ላይ ስለሚቆም ለቅሞ መውሰድ አዲስ ብልሽት ይጋብዛል። የያዛችሁትን መስመር የመጨረሻ እትም ሙሉውን ውሰዱ። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይህን ሥራ እነሱ ይሠሩላችኋል፤ አዲስ ሃርድዌር ካላስገደዳችሁ በቀር ከእነሱ ከርነል አትውጡ።