አንድ የጥቢ ቀን ከአላህ ፍጥረታት ጋር

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ አበባም ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ከከተማ ወጣ ማለት ያምረዋል። የሚያሳዝነው ግን ማታ ሲመለሱ ስልኩ በምስል ተሞልቶ፣ ልጁ «ዛሬ ምን አየህ?» ሲባል መልስ የሚያጥረው መሆኑ ነው።

ውድ አንባብያን! ይህን ስንል ካሜራን ለመንቀፍ አይደለም። የካሜራን መሠረት ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ እ.ኤ.አ. በ965 በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ነው። «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የምናየው ከነገሮች ወደ ዓይናችን በሚመጣ ብርሃን መሆኑን አስረድቷል። በርካታ መብራቶችን በአንዲት ቀዳዳ ትይዩ አስቀምጦ፣ የእያንዳንዳቸው ብርሃን ጨለማው ውስጥ ለየብቻው እንደሚያርፍ፣ አንዱ መብራት ሲጋረድም የእርሱ ብርሃን ብቻ እንደሚጠፋ ተመልክቷል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1820ዎቹ፣ ፈረንሳዊው ኒየፕስ እስከ ዛሬ ከቆዩት የካሜራ ምስሎች ቀዳሚውን ሲያነሳ ብዙ ሰዓታት ፈጅቶበታል። ዛሬ ምስል በቅጽበት ይነሳል፤ የጎደለን ያ ትዕግሥት ነው።

ቁርኣን በሱረቱል ጋሺያህ ሰውን ወደ ግመል፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ተራሮችና ወደ ምድር እንዲመለከት ሲጠራው፣ እንዴት እንደተፈጠሩና እንዴት እንደተዘረጉ እንዲያስተነትን ነው። ተፈኩር የሚባለው ይህ ነው። ተፈኩር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ወደሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የሚሄድ ቤተሰብ ቀኑን በጥላ ሊከፍለው ይችላል። ማለዳ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትወጣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ የጽዱ ቅርፊት፣ በሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጉሬዛ በቅርንጫፍ ላይ ሲዘል ለማየት ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትጠጋ ጥላው ያጥራል፤ ብርሃኑ ለፎቶግራፍ አይመችም። ያን ጊዜ ካሜራው ይቀመጥ፤ ዙህር ይሰገድ፤ ምሳም ይበላ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ አንድ ዱላ መሬት ላይ ይትከሉና ጥላውን ይለኩ። በቀትር ከነበረው በላይ የረዘመው ጥላ ከዱላው ቁመት ጋር ሲስተካከል፣ በብዙዎቹ ዑለማዎች ዘንድ ዐስር ገብቷል። ከዐስር በኋላ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስትሄድ ብርሃኑ እየለሰለሰ ለፎቶ አንሺው ይመለስለታል። ልጁ የሶላትን ወቅትና የብርሃንን ጠባይ ከአንዲት ዱላ ይማራል።

ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። በዛፍ፣ በተራራና በሰማይ የሚጀምር ሰው ግን የሚያየው አያልቅበትም። ያልፈቀደን ሰው ፎቶ ማንሳት፣ ለምስል ሲባል አበባ መቀንጠስና ቆሻሻ ጥሎ መሄድ ለሙስሊም አይገባም። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አንዘንጋ።

ወላጆች ሆይ! በዚህ ጥቢ ይህን ሞክሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን አንድ ፎቶ ብቻ ፍቀዱለት። አንድ ብቻ ከሆነ ሳያነሳ በፊት ይዞራል፣ ያያል፣ ይመርጣል። ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ምስሉን ያሳይ፤ ለምን ያን እንደመረጠና ስለ ፈጣሪው ምን እንዳሰበም ይናገር። አባትና እናትም እንደዚሁ ያድርጉ። ምስሉ ቢደበዝዝ ግድ የለም፤ ልጁ ያየውን በቃሉ መናገር ከቻለ ቀኑ አልባከነም።

አላህ (ሱ.ወ.) አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርገን። አሚን።