የእጅ ሙያ በሚመዘንበት መድረክ

ወርልድስኪልስ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሙያ ክህሎት ውድድር፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሠለጥኑ ወይም በፋብሪካና በወርክሾፕ ከባለሙያ ሥር ሆነው የሚለማመዱ ወጣቶች በየሁለት ዓመቱ ችሎታቸውን በአደባባይ የሚያስመዝኑበት መድረክ ነው። መነሻው ስፔን ናት፤ አገሪቱ የሠለጠነ የሰው ኃይል እጥረት ስለገጠማትና ወጣቱም ወላጁም አሠሪውም የሙያ ሥልጠናን ዋጋ እንዲቀበሉ ማድረግ ስላስፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ብሔራዊ ውድድር ተዘጋጀ፤ በ1950 ደግሞ ከስፔንና ከፖርቱጋል የተውጣጡ 24 ወጣቶች ማድሪድ ላይ ተወዳደሩ። ሁለት ጎረቤታሞች የተገናኙበትን ውድድር ዓለም አቀፍ ብሎ መጥራት ያን ጊዜ ድፍረት ሳይመስል አልቀረም፤ ይሁንና በ2024 በፈረንሳይዋ ሊዮን በ59 የሙያ ዘርፎች ወደ 1,400 የሚጠጉ ተወዳዳሪዎች ተሰልፈዋል።

በአብዛኞቹ ዘርፎች የዕድሜ ጣሪያው 22 ዓመት ሲሆን፣ እንደ ሜካትሮኒክስ ባሉ፣ ማለትም መካኒክስን፣ ኤሌክትሮኒክስንና የኮምፒውተር ቁጥጥርን ባጣመሩ ጥቂት ሙያዎች እስከ 25 ይፈቀዳል።

የውድድሩ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከሜዳሊያው ይልቅ የአመዛዘን ሥርዓቱ ነው። ነጥብ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ሲሆን፣ አንደኛው በመሣሪያ የሚረጋገጥ ልኬት ነው፤ የግንበኛው ግድግዳ በቱንቢና በውሃ ልክ ተፈትሾ የሚሊሜትር ስህተት ነጥብ ያስቀንሰዋል፣ በያጁ የሠራው የብረት ጋንም ውሃ ተሞልቶ በከፍተኛ ግፊት ሲፈተን ማንጠባጠብ የለበትም። በመሣሪያ የማይለካው፣ ለምሳሌ የፀጉር ቁርጥ ውበት፣ በዳኞች ፍርድ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 0 ከኢንዱስትሪው ደረጃ በታች መሆኑን፣ 1 ደረጃውን ማሟላቱን፣ 3 ደግሞ እጅግ የላቀ መሆኑን ያመለክታል። በኢትዮጵያ ሠልጣኞች የሚያልፉበት የብቃት ምዘና ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ስለሆነ፣ በቂውን ከምርጡ አይለይም፤ ውድድሩ የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው።

መድረኩን በሚገባ ከተጠቀሙበት አገሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው ደቡብ ኮሪያ ትጠቀሳለች። ሜዳሊያ ይዘው የተመለሱት ወጣቶቿ በመኪና ሰልፍ በአደባባይ አቀባበል ይደረግላቸው ነበር፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ይቀጥሯቸዋል። ክብሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ በኢትዮጵያ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን መናቅ ሥር ሰዶ ስለነበር፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጅ ስድብን ቢከለክልም አክብሮትን ግን በግድ አያመጣም።

ውድድሩ እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይቻልም። አንድ ተቋም ለሜዳሊያ ሲል አንድን ጎበዝ ሠልጣኝ ለይቶ ምርጡን አሠልጣኝ፣ መሣሪያና ጥሬ ዕቃ ለእሱ ብቻ ካዋለ፣ የቀሩት ሠልጣኞች ባዶ ወርክሾፕ ይተርፋቸዋል፤ ይህ ደግሞ ውድድሩ የተፈጠረበትን ዓላማ መቃረን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ከሜዳሊያው በፊት መመዘኛውን ወደ ወርክሾፑ ማስገባት ነው። ያለፉት ውድድሮች የፈተና ፕሮጀክቶች ለማንም ክፍት ሆነው በኢንተርኔት ስለሚገኙ፣ አሠልጣኞች ንድፎቹን አውርደው በእጃቸው ባለው ብረትና ጡብ፣ በሙሉ ክፍሉ ላይ ዛሬውኑ ሊሞክሯቸው ይችላሉ።